የደርዳስ ቀኝ እጅ

ደርዳስ የአርጌያ አገረ ገዥ የሆነው ሹመቱን የሚፈልገው ሰው ስለጠፋ ነበር። በንጉሡ ግቢ ያደጉት የመኳንንት ልጆች ወይ ወደ ባሕሩ ዳርቻ፣ ወይ ወደ ባቢሎን ላኩን እያሉ ደጅ ይጠናሉ። አርጌያ ሂድ የተባለ ግን በማግስቱ ሆዱን ያመዋል። በሐሩሩ ወራት ድንጋዩ እግር ይጠብሳል፤ ዝንቡ ከወይን ጽዋ ውስጥ አይወጣም፤ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ኮሴዎች የሚባሉት ደገኞች የሚኖሩበት ተራራ ተደቅኗል። ሆዱን የሚያመው ሰው ሲበዛ ንጉሡ ሰለቸውና፣ «እዚያው ከተወለዱት መሀል አንድ ጤነኛ ፈልጉ» አለ ይባላል። የተገኘው ጤነኛ ደርዳስ ነበር።

አያቱ ጦር ተሸክመው ከመቄዶንያ ከመጡት አንዱ ናቸው። በወንዙ ዳር መሬት ተመርቶላቸው ገብስ ዘሩ፣ ተምር ተከሉ፤ ንጉሥ በጠራ ጊዜ ጦራቸውን ከጣራው ሥር እያወረዱ ዘመቱ። አባቱም እንደዚያው፣ ደርዳስም እንደዚያው። መልኩ የገዥ መልክ አልነበረም። አጭር ነው፣ አንገተ ወፍራም፣ በግራ እግሩ ያነክሳል። ከተሾመ በኋላ እንኳ ከገበያ ሽንኩርት ራሱ ገዝቶ በካባው ጫፍ ቋጥሮ ሲመለስ ይታይ ነበር።

ደግሞም መዋሸት አይችልም። ጥሩ ሰው ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ አይሆንለትም። በወጣትነቱ ዘብ ላይ ሳለ አንቀላፍቶ ነበር፤ ማንም አላየውም። በማግስቱ አለቃው ስለ ሌላ ነገር፣ «እንዴት አደራችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ «እኔ ተኝቼ ነው ያደርኩት» ብሎ ተገረፈ። ያኔ አብሮት በአንድ ድንኳን ያድር የነበረው ኬፋሎን ጀርባውን ዘይት እየቀባ፣ «አንተ ሞኝ፣ ልዋሽ ብትልም እኮ ጆሮህ ያሳብቅብሃል፤ እንደ ሮማን ፍሬ ይቀላል» እያለ እስኪያለቅስ ሳቀበት። ኬፋሎንን ደርዳስ ይወደው ነበር። በኋላም በአንድ ውጊያ ላይ ኬፋሎን ጉልበቱን በቀስት ተመትቶ ሲወድቅ፣ ሌላው ሰው ነፍሴ አውጪኝ ብሎ ሲሸሽ፣ ደርዳስ በጀርባው አዝሎ ከሬሳ መሀል ያወጣው እሱን ነው። አንካሳ እግሩ የዚያ ቀን ትርፍ ነው። ኬፋሎን ከዚያ ወዲያ በሰው አፍ እየተወደደ፣ ደረጃ በደረጃ እየወጣ፣ ንጉሡ ግቢ ገባ። ደርዳስ አርጌያ ቀረ።

ደርዳስ ከመሾሙ በፊት በየዓመቱ የተራራው ራስ ነጭ ሲሆን ደም ይፈስ ነበር። ደገኞቹ በጎቻቸውን ይዘው ወደ ቆላው ሣር ይወርዳሉ፤ የአርጌያ ሰው በወንዙ መሻገሪያ ላይ ጦሩን ሰብቆ ይጠብቃቸዋል። እነሱ አዝመራ ያቃጥላሉ፤ እነዚህ በግ ይነዳሉ። ደርዳስ በተሾመ በመጀመሪያው ዓመት ብርዱ ሲገባ፣ የገብስ ዳቦና ጨው በከረጢት ይዞ ብቻውን ወንዙን ተሻገረ። በወዲያኛው ዳር የደገኞቹ አለቃ ተሪባዝ ሰዎቹን ከኋላው አሰልፎ ቆሟል፤ ረጅም፣ ጢሙ ደረቱ ላይ የተኛ ሰው ነው።

«ብቻህን ነው የመጣኸው?» አለው ተሪባዝ። «ወታደር የለህም እንዴ?»

«አለኝ። ግን ሁሉም እንደተራቡ ናቸው፤ ዳቦውን ይጨርሱብናል ብዬ ነው።»

ተሪባዝ አተኩሮ አየው። ከዚያ ሳቀ። ሲስቅ ፈረሱ ደነበረ። ዳቦውን በጨው በሉ፤ ተሪባዝ ቀኝ እጁን ዘረጋ። በኮሴዎች ዘንድ ቀኝ እጁን የሰጠ ሰው ነፍሱን ሰጥቷል፤ ከዚያ በኋላ መሐላ አያስፈልግም፣ ምስክርም አይቆጠርም። ደርዳስም ሰጠ። በዚያ ዓመት በጎቹ በሰላም ወረዱ፣ በሰላም ወጡ። ከዚያ በኋላም በየዓመቱ እንደዚያው። የአርጌያ ሰው አዝመራው ሳይቃጠል ማጨድ ጀመረ፤ ደገኞቹ አይብና ሱፍ እያመጡ በተምርና በሰሊጥ ዘይት ለወጡ። ተሪባዝ እህቱን አርታካማን ለደርዳስ ዳረለት።

አርታካማ ስትመጣ በትዳር ሳይሆን በግዞት የመጣች ነበር የምትመስለው። «ይህ ቤት ነው ምድጃ?» አለች የመጀመሪያውን የሐሩር ወር ስታይ። ደርዳስ ጣራው ላይ በቅጠል ዳስ ሠራላት፤ ማታ ማታ ነፋሱን እየጠበቁ እዚያ ይቀመጣሉ። የእሷን ቋንቋ ሲናገር ቃላቱን ስለሚሰባብረው ትስቅበታለች፤ እሱም ልትስቅ እንደሆነ እያወቀ ይሰባብረዋል። ልጅ አልሆነላቸውም። ሰው ሌላ አግባ ቢለው፣ «የምን ሌላ? ከይቺኛዋ ጋር ገና አውርቼ አልጨረስኩም» ይል ነበር።

እንዲህ እያለ ሲኖር፣ አንድ ዓመት የወይኑ ለቀማ ሲያልቅ ኬፋሎን መጣ።

ከኋላው ፈረሰኛ አስከትሏል፤ በራሱ ላይ ሐምራዊ ቆብ ደፍቷል። ያን ቆብ የሚደፋው «የንጉሥ ወዳጅ» የሚለውን ማዕረግ ያገኘ ሰው ብቻ ነው። ከፈረሱ ወርዶ ደርዳስን አንቆ ሳመው፤ «አንተ ሽማግሌ! አሁንም ሽንኩርት ሽንኩርት ትሸታለህ!» አለው። ደርዳስ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ስንት ዓመት ሙሉ ከድሮ ጓደኞቹ «እንዴት ነህ» ብሎ የመጣለት ሰው አልነበረም።

ከራት በኋላ ኬፋሎን ነገሩን አወጣ። ንጉሡ ወደ ምሥራቅ ሊዘምት ነው፤ በተራራው መተላለፊያ ማለፍ አለበት። ከደገኞቹ ጋር መዋጋት አይፈልግም፤ ሊወዳጃቸው ነው የሚፈልገው። ተሪባዝ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይውረድ፣ ግብዣ ይደረግለት፣ የክብር ልብስና ፈረስ ይሸለም፤ ሰላሙ በንጉሡ ስም ይጽና።

ደርዳስ ጽዋውን አስቀመጠ። «ማልልኝ።»

«ምን?»

«እኔ እሱን የማመጣው በቀኝ እጄ ነው። ስለዚህ አንተ ማልልኝ።»

ኬፋሎን ሳቀና ተነሥቶ ቆመ። በዜውስ ማለ፣ በንጉሡ ዕድል ማለ፣ በመጨረሻም እጁን በደርዳስ አንካሳ ጉልበት ላይ አሳርፎ፣ «ተሸክሞ ባወጣኝ በዚህ እግር» አለ። ደርዳስ ከዚህ በላይ ምን ይጠይቅ?

አርታካማ ግን የሰማችውን አልወደደችውም። ዳሱ ሥር ጸጉሯን እየጎነጎነች፣ «ያ ሰው ሲስቅ ጥርሱ እንጂ ዓይኑ አይስቅም» አለችው።

«ጉልበቱን ስለሚያመው ነው።»

«ወንድሜን ታወርደዋለህ። መልሰህስ ታወጣዋለህ?»

«አርታካማ፣ እኔ ዋሽቼሽ አውቃለሁ?»

«አንተን አላልኩም» አለች። ከዚያ በላይ ግን አልተናገረችም። በኋላ ለራሷ ይቅር ያላለችው ይህን ዝምታዋን ነው።

ደርዳስ ወደ ተራራው ወጣ። ኮሴዎች ባሉጥ ከሚባለው የተራራ ዛፍ ፍሬ ዱቄት በሚጋግሩት ቂጣና በበግ አይብ አስተናገዱት። ተሪባዝ ነገሩን ሰምቶ ጢሙን ሲያፍተለትል ቆየና፣ «ንጉሥህን አላምነውም፤ ልብሱንም ፈረሱንም አልፈልግም። አንተ ግን ና ካልከኝ እመጣለሁ። ና ትለኛለህ አማቼ?» አለው።

«ና» አለ ደርዳስ፤ ቀኝ እጁንም ሰጠው።

የተሪባዝ እናት ማንያ ከምድጃው ማዶ ሱፍ እየፈተለች ነበር። ቀና ብላ ሁለቱን አየቻቸውና ወደ እንዝርቷ ተመለሰች።

ግብዣው በደርዳስ ግቢ ቀትር ላይ ተሰናዳ። ከግብዣው በፊት በነበሩት ቀናት የአርጌያ ሰው ለደርዳስ እንግዳ ሆኖበት ነበር። ጸጉር አስተካካዩ፣ ያ አፉ የማያርፈው ሰውዬ፣ ጢሙን ሲላጨው ትንፍሽ አላለም። ጎረቤቶቹ ሰላምታ ሰጥተው ዓይናቸውን ይሰብራሉ። ታናሽ ወንድሙ ማካታስ እንኳ ሁለት ጊዜ ወደ ቤቱ መጥቶ፣ ሊናገር አፉን ከፍቶ፣ ስለ ግመል ዋጋ አውርቶ ሄደ። ደርዳስ ለንጉሡ እንግዳ ክብር መስሎት ነበር።

ደገኞቹ በባህሉ መሠረት መሣሪያቸውን በር ላይ አስቀመጡ። ተሪባዝ እህቱን አቅፎ ሳመ። ጠቦቱ ተቆረጠ፣ ወይኑ ተቀዳ፤ ተሪባዝ የቆላን ዝንብ እያማ ሰውን አሳቀ። በመሀሉ ኬፋሎን ወደ ደርዳስ ጠጋ ብሎ፣ «ንጉሡ የላከለት ፈረስ በበረትህ ነው። አንተው ሄደህ አምጣለት፤ ከአንተ እጅ ቢቀበል ያምርበታል» አለው። ደርዳስ ደስ እያለው ተነሣ።

በረቱ ከግቢው ውጭ፣ ከመንገዱ ማዶ ነው። ባልደራሱ ድርቆሽ እየበተነ ነበር።

«የንጉሡን ፈረስ አምጣው።»

«የትኛውን ፈረስ ጌታዬ?»

«ዛሬ የመጣውን ነዋ። ለተሪባዝ የሚሰጠውን።»

ባልደራሱ ድርቆሹን እንደያዘ እግሩን እግሩን አየ። «ጌታዬ፣ የመጣ ፈረስ የለም» አለ።

ደርዳስ በዚያ እግሩ ሮጠ። ሲደርስ የገዛ ቤቱ በር ተዘግቷል፤ ከውስጥ ወንበር ሲገለበጥ፣ ሰው ሲጮህ ይሰማል። በሩን የያዘው የዘብ አለቃ ደርዳስ ከተራ ወታደርነት አንሥቶ ለማዕረግ ያበቃው ሰው ነበር።

«ክፈት!»

«ጌታዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ ዘቡ። «ዛሬ በር የምከፍተው በሌላ ሰው ትእዛዝ ነው።»

ደርዳስ በሩን በትከሻው መታው፣ በጡጫው መታው። አንድ እጅ ከኋላው ክንዱን ያዘው። ማካታስ ነበር።

«ወንድም ጋሼ፣ በቃ፤ ና ወደ እኔ ቤት እንሂድ።»

ደርዳስ ዞሮ አየው። የወንድሙ ፊት ላይ ድንጋጤ የለም፤ ያለው እፍረት ነው። ያን ጊዜ ገባው።

«ታውቅ ነበር?»

«የቆላውን ግጦሽ ለእኛ ሊያከፋፍሉን ነው። እያንዳንዱ ቤት ይደርሰዋል። ልጆቼ ያለ መሬት ሊቀሩ ነበር እኮ ወንድም ጋሼ! የአንተ ሰላም ለበጎቹ እንጂ ለእኛ ምን አደረገልን?»

«ማን ማን ያውቃል?»

ደርዳስ መንገዱን ወደ ላይ ወደ ታች ተመለከተ። ጸጉር አስተካካዩ መዝጊያውን ዘግቷል። ዳቦ ጋጋሪው ዘግቷል። በቀትር በአርጌያ አንድ ሱቅ ክፍት አልነበረም። ከእሱ በቀር የማያውቅ ሰው አልነበረም።

በሩ ሲከፈት ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። ተሪባዝ በማዕዱ አጠገብ በጎኑ ወድቋል፤ ሽማግሌዎቹም በዙሪያው። ኬፋሎን እጁን ይታጠብ ነበር። ደርዳስ ሰይፍ ለማንሣት ጎንበስ ቢል ሁለት ወታደሮች ያዙት፤ ክፉኛም አልያዙት፣ እንደ ታመመ ሰው ደግፈው እንጂ።

«ማልክልኝ» አለ።

«ማልኩ» አለ ኬፋሎን። «ንጉሥ ሲያዝ የእኔ መሐላ ምንድን ነው? በነገራችን ላይ አንተን ያተረፍኩህ እኔ ነኝ። ግቢ ውስጥ እሱም አብሮ ይወገድ ያለ ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም? እንቢ ብዬ እሞት ነበር።»

«ለዚህ ነዋ ያልነገርኩህ። ብነግርህ ተራራው ላይ ስትወጣ ጆሮህ ያሳብቅብህ ነበር። ያ ሰው ከአንተ በቀር ማንንም አያምንም፤ አንተ ደግሞ መዋሸት አትችልም። ስለዚህ ሳታውቅ መሄድ ነበረብህ።» ፎጣውን አጣጥፎ አስቀመጠ። «ክፉ ሰው ብትሆን ኖሮ ማንም ባልተከተለህ። ደግነትህ ነው የጠቀመን።»

ደርዳስ ወደ ተሪባዝ ሄዶ ከጎኑ ተንበረከከ። ዓይኖቹ እንደተገለጡ ናቸው። ደርዳስ ከደናቸው።

«ምን አለ?» ብሎ ጠየቀ።

«ስምህን ጠራ።»

«እንዴት አድርጎ ነው የጠራኝ?»

ኬፋሎን ትከሻውን ነቀነቀ። «ስም ነው፤ እንዴት ይጠራል?»

ይህችን ነገር ደርዳስ እስከ ዕለተ ሞቱ ሲያመነዥጋት ኖረ። ድረስልኝ ብሎ ነው የጠራው ወይስ ረግሞት? በዚያ ግቢ የነበሩትን ወታደሮች ቢጠይቅ አንዱ አንድ አለው፣ ሌላው ሌላ አለው።

በማግስቱ ኬፋሎን ሐምራዊ ቆብ አምጥቶ በሕዝብ ፊት ደርዳስ ራስ ላይ ደፋበት። «የንጉሥ ወዳጅ» ሆነ። የአርጌያ ሰው አጨበጨበ። ደርዳስ ቆቡን ከራሱ ላይ አላወረደውም፤ አመሰገነም አልሰደበም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ የተሪባዝን ሬሳ። ኬፋሎንም ለድሮ ወዳጅነት ሲል ፈቀደ፤ «ግን ከሄድክ የሚቀብሩት ሁለት ሰው ነው» አለው።

አርታካማ ከሴቶቹ ክፍል ወጣች። ያ ምሽት ምሽት የምትጎነጉነው ጸጉሯ ተሸልቷል። ባሏን አላየችውም። የወንድሟን ሬሳ በሱፍ ጠቀለለች፣ በበቅሎ ጫነች፤ ልጓሙን ይዛ ከፊት ከፊት ወጣች። ደርዳስ ከኋላ እያነከሰ ተከተለ። ሽቅብ ሲወጡ ቀኑ አለቀ፤ ዳገት ላይ አደሩ፤ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ውሃ ሲያቀብላት፣ «አስቀምጠው» አለችው። ከእጁ አልተቀበለችም።

ተራራው ላይ ሲደርሱ ጎረምሶቹ ጦራቸውን ይዘው ከበቡት። ደርዳስ አልሸሸም። በዚያ በሚሰባበረው ቋንቋው፣ «በእጄ ወረደ፣ በእጄ ሞተ። አላወቅሁም ነበር። አለማወቄ ግን እሱን አያስነሣውም» አለ። ቀኝ እጁንም በድንጋይ ላይ ዘርግቶ አስቀመጠ፤ ቁረጡት ማለቱ ነበር።

ማንያ የልጇን ፊት ገልጣ አይታ መልሳ ሸፈነችው። ጎረምሶቹን በእጇ ከፈለቻቸውና ከደርዳስ ፊት ቆመች።

«ተው አንሣው እጅህን» አለች። «ምን ልናደርገው ነው? ቀቅለን አንበላው።»

«እናቴ፣ እኔ...»

«እናቴ አትበለኝ። ስማ። አንተ ከሃዲ ብትሆን ኖሮ አትመጣም ነበር፤ ይህን አውቃለሁ፣ አላረጀሁም። ግን ልጄን ከሃዲ አልገደለብኝም፤ ልጄን የገደለብኝ ሞኝ ነው። ከሃዲ ይሻለኝ ነበር። ከሃዲን እጠላዋለሁ፣ ይወጣልኛል። አንተን ምን ላድርግህ?»

አሮጊቷ ወደ ላይ፣ ወደ ተራራው ራስ አመለከተች። ነጭ ሆኗል።

«በጎቹ ረሃብ ላይ ናቸው። መሻገሪያውን ዘግታችኋል። ይህ በረዶ ከወረደ መንጋው ያልቃል፤ መንጋው ካለቀ ሕፃናቱ ያልቃሉ። እጅህን ቁረጥልኝ አልኩህ? መንገድ ስጠኝ ነው የምልህ።»

መንገድ አንድ ብቻ ነበር። በደቡብ በኩል፣ ከአርጌያ ግዛት ውጭ፣ በሌላ ገዥ እጅ ያለ ድልድይ አለ፤ ከድልድዩ ወዲያ ሰው የማይዘራው ረግረግ ሣር ነው። ድልድዩን የሚጠብቀው የጦር አዛዥ ደርዳስን በዝና ያውቀዋል። በአርጌያ የሆነውን ግን ገና አልሰማም።

ደርዳስ ሐምራዊውን ቆብ ደፍቶ ከመንጋው ፊት ፊት ሄደ። ከኋላው በግ፣ ፍየል፣ አህያ፣ ሕፃን ያዘለች ሴት፣ የተራራው ሕዝብ ሁሉ። አዛዡ ቆቡን ሲያይ ከወንበሩ ተነሥቶ እጅ ነሣ።

«ምን ላድርግልዎ ጌታዬ?»

«ንጉሡ ለእነዚህ ሰዎች ረግረጉን ፈቅዶላቸዋል» አለ ደርዳስ። «እስከ ጸደይ ድረስ። እኔን በቃል ልኮኛል።»

ጆሮው ነደደ። እንደ ፍም ነደደ። ከኋላው አርታካማ ቆማለች። አዛዡ መንጋውን አየ፣ ቆቡን አየ፣ የደርዳስን ፊት አየ።

«ማኅተም ያለው ትእዛዝ መጠየቅ ነበረብኝ» አለ። «ግን የአርጌያው ደርዳስ ነዎት። እርስዎ ዋሽተው አያውቁም ይባላል።» ፈገግ አለና ወታደሮቹን በእጁ ወደ ጎን አደረገ።

መንጋው እስኪያልፍ ፀሐይ አዘቀዘቀች። በዚያ ዓመት ከኮሴዎች በረሃብ የሞተ ሕፃን አልነበረም። ያ አዛዥ ግን ነገሩ ሲታወቅ ተገርፎ፣ ማዕረጉን ተገፎ፣ ከነቤተሰቡ ከአገር ተባረረ። ወሬውን ያመጣው የጨው ነጋዴ ሲያወራ ደርዳስ በእጁ የያዘውን ቂጣ ሳይጎርስ አስቀመጠው። «ስሙ ማን ይባላል?» ብሎ ጠየቀ። ነጋዴው አያውቅም። ኬፋሎን እሱ ላይ ያደረገውን እሱ ደግሞ ስሙን በማያውቀው ሰው ላይ አደረገው፤ ያውም በዚያው ዘዴ።

ከዚያ ወዲያ ወደ አርጌያ መመለስ የለም። በንጉሡ ላይ የዋሸ ሰው ነውና ራሱ ተፈልጓል፤ ቤቱን ማካታስ ወረሰው። ደርዳስ ከደገኞቹ መንደር ዳር የድንጋይ ጎጆ ቀለሰ። አላባረሩትም፣ አላስጠጉትም። ሲታመም መድኃኒት ይልኩለታል፤ ሠርግ ሲሆን ሥጋ ይደርሰዋል። ግን አንድም ሰው ቀኝ እጁን አልጨበጠውም። ሰላም ሲሉት በሩቁ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። እሱም እጁን ዘርግቶ ሰው ማሳፈር ስላልፈለገ ከካባው ሥር ሸጉጦ መሄድ ልማዱ ሆነ።

አርታካማ ከእናቷ ጋር ኖረች። ማታ ማታ ምግብ ታመጣለታለች፤ ደጁ ላይ ታስቀምጥና ትንሽ ራቅ ብላ፣ በልቶ እስኪጨርስ፣ ሳህኑን ለመውሰድ ትቀመጣለች። ብዙ ጊዜ እንዲህ ከሆነ በኋላ አንድ ቀን፣ «ይቅር በይኝ» አላት።

«አልልህም» አለች። «ቂጣው ሳይቀዘቅዝ ብላ።»

ንጉሡ ከዚያ ዘመቻ አልተመለሰም፤ ሌላ ነገሠ። ኬፋሎን በአዲሱ ግቢ ማንን አምኖ በማን እንደተካደ ብዙ ዓይነት ወሬ አለ፤ የትኛው እውነት እንደሆነ አይታወቅም፤ ሞቱ ግን የአልጋ ሞት አልነበረም። ደርዳስ ሲሰማ ደስ አላለውም። «ጉልበቱን ያመው ነበር» አለ እንጂ ሌላ አልጨመረም።

በአርጌያ የተከፋፈለው ግጦሽም ለማንም አልበጀ። ጎረምሶቹ የተሪባዝን ደም ሊመልሱ በየዓመቱ ወረዱ፤ አዝመራው ነደደ፣ ጎተራው ነደደ፣ ከማካታስ ልጆችም አንዱ በመሻገሪያው ላይ ቀረ። አንድ ቀን ማካታስ ራሱ፣ ሸብቶ፣ ጎብጦ፣ የወይራ ቅርንጫፍ በእጁ ይዞ ወደ ተራራው ወጣ። ጎረምሶቹ እየሰደቡ እስከ ደርዳስ ጎጆ ድረስ አጅበውት መጡ።

ደርዳስ ደጁ ላይ የፍየል ቆዳ ያለፋ ነበር። ወንድሙ ከፊቱ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ወንድም ጋሼ፣ እያለቅን ነው። ና ውረድና አስታርቀን። አዲሱ ገዥ ይቅርታ ያደርግልሃል፤ ተነጋግሬያለሁ። እነዚህም አንተን ይሰማሉ።»

«አይሰሙኝም።»

«ድሮ አንተ አይደለህ በዳቦ ብቻ ያስታረቅኸን? አንተ ካልክ ያምናሉ።»

ደርዳስ ሥራውን አቆመ። «ያን ሰው አርደህ በላኸው እኮ ማካታስ» አለው፤ ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። «እኔ አሁን ያ ሰው አይደለሁም። ሰላም ከፈለግህ አሮጊቷ እዚያ ናት። አንተ ራስህ ሂድና ቀኝ እጅህን ስጣት።»

ማካታስ ወደ መንደሩ ተመለከተ። ማንያ፣ ዓይኗ ፈዝዞ፣ ከቤቷ ደጅ በፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። ጎረምሶቹ ከግራ ከቀኝ ቆመዋል።

«ይገድሉኛል።»

«ምናልባት።»

«አንተ ስትመጣ አልገደሉህም።»

«እኔ ስመጣ ይገድሉኛል ብዬ ነው የመጣሁት።»

ማካታስ ቅርንጫፉን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። በመጨረሻ ተነሣ፤ ወደ አሮጊቷ አንድ እርምጃ ተራመደ፣ ቆመ። ከዚያ ፊቱን አዙሮ ቁልቁለቱን ያዘ። ጎረምሶቹ ሳቁበት፤ ድንጋይ የወረወረም ነበር። ደርዳስ ወንድሙ በመታጠፊያው እስኪሰወር ድረስ ቆሞ አየው፤ አልጠራውም።

በሚቀጥለው ጸደይ፣ በጎቹ ሽቅብ ሲመለሱ፣ ከመንጋው ጋር ወርዶ የነበረው ደርዳስ በሳል ታሞ በመንገድ ላይ ሞተ። አርታካማ አጠገቡ ነበረች። ምን እንዳላት፣ ምን እንዳለችው፣ ለማንም አልተናገረችም። ኮሴዎች ከራሳቸው ሰዎች መቃብር ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ከመንገዱ ጎን፣ ድንጋይ ከመሩለት። መንጋውም ቀኑ ስለመሸበት አልቆመም፤ እያለፈው ወጣ።